ፓልም ጁሜይራ ላይ ቤት መግዛት፦ ግንዱ፣ ፍሮንዱ ወይስ ክሬሰንቱ?

ዱባይ ፓልም ጁሜይራ ላይ ቤት የሚፈልግ ሰው ደላላ ዘንድ ሲሄድ መጀመሪያ የሚቀርብለት የባሕሩ ፎቶ ነው። ደሴቱ ላይ ግን ባሕር ጨርሶ የማይታይበት ቤት ጥቂት ስለሆነ፣ ባሕር ማየቱ ብቻ ለምርጫ አያገለግልም። ቤቶቹን በእርግጥ የሚለያያቸው ሌላ ነው፦ ጨው፣ እርጥበትና አሸዋ የሚያበላሹትን ማን ይጠግናል? በየዓመቱ ስንት ያስወጣል? ነገ ልሽጠው ቢሉ ገዢው ማን ነው? ይህ መመሪያ የደሴቱን አራት የቤት ዓይነቶች በእነዚህ ጥያቄዎች ይመዝናል።

ስለ ደሴቱ ማወቅ የሚገባው

ናኪል የተባለው አልሚ ሥራውን የጀመረው በ2001 ነው። ወደ 94 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋና 7 ሚሊዮን ቶን ድንጋይ ፈሶበታል። ቅርጹ ዘንባባ ነው፦ ከየብስ የሚነሳ አንድ ግንድ፣ ከግንዱ ግራና ቀኝ የሚወጡ 16 ቅጠሎች (ሁሉም ፍሮንድ ነው የሚላቸው፤ ከኤ እስከ ፒ በፊደል ተሰይመዋል)፣ እና ሁሉንም እንደ ጨረቃ የከበበ 11 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የማዕበል መከላከያ፣ ክሬሰንት።

መከላከያው መጀመሪያ ሲታቀድ ክፍተት አልነበረውም። ውስጡ ያለው ውኃ እንዳይቆም ተብሎ በኋላ ግራና ቀኝ ተከፈተ። ይህ ለገዢ ትልቅ ትርጉም አለው። በፍሮንዶች መካከል ያለው ውኃ ጸጥ ያለ ነው፤ ሕፃናት ይዋኙበታል። ሆኖም የሚታደሰው ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ በበጋ ሙቀት ከዳር ራቅ ባሉት የውስጥ ማዕዘኖች አልጌ ሊታይበት ይችላል። ክሬሰንቱ በውጭ በኩል ክፍት ባሕር ይገጥመዋል፤ ሻማል የሚባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉም ጨዉም እዚያ ይበረታል።

በምን እንመዝን?

*ዓመታዊ ወጪ።* ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የጋራ መገልገያ ክፍያው፣ ማለትም ሰርቪስ ቻርጁ፣ የሚሰላው በስኩዌር ፊት ነው። በየዓመቱ የሪል እስቴት ተቆጣጣሪው፣ ሬራ፣ ያጸድቀዋል፤ የየሕንፃው ተመን በዱባይ ላንድ ዲፓርትመንት ድረ ገጽ ላይ ስለሚገኝ የደላላ ቃል መጠበቅ አያስፈልግም። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ተመኑ በስኩዌር ፊት 20 ድርሃም ቢሆንና ቤቱ 1,800 ስኩዌር ፊት (167 ካሬ ሜትር ገደማ) ቢሆን፣ በዓመት 36,000 ድርሃም ይወጣል። ቤቱ ባዶ ቢቀመጥም ይከፈላል።

ከዚህ ጋር የማይረሳ አንድ ጥያቄ አለ፦ ማቀዝቀዣው ማዕከላዊ ከሆነ የአቅም ክፍያው ሰርቪስ ቻርጁ ውስጥ ተካቷል ወይስ ለብቻው በቢል ይመጣል? የአቅም ክፍያ ኤሲ ቢበራም ባይበራም የሚታሰብ ቋሚ ዕዳ ነው። የሻጩን ያለፉ 12 ወራት የዴዋ (የመብራትና ውኃ) እና የማቀዝቀዣ ቢሎች ይጠይቁ። ሻጭ ቢሉን ካላሳየ በጥርጣሬ መመልከት ተገቢ ነው።

*የባሕር ዳርቻው።* የግል፣ የጋራ ወይስ የሆቴል? ሦስቱም «የግል ቢች» ተብለው ይሸጣሉ።

*መውጫ መግቢያ።* ደሴቱን ከየብስ የሚያገናኘው በግንዱ ሥር ያለው መንገድ ነው። ሞኖሬል ከግንዱ ሥር ተነስቶ እስከ አትላንቲስ ይሄዳል፤ ሆኖም ከሜትሮው ቀይ መስመር ጋር በቀጥታ አይገናኝም። ክሬሰንቱ ላይ ለመድረስ ደግሞ በባሕር ሥር ያለውን ዋሻ ማለፍ አለ። ጠዋትና ማታ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ቤተሰብ ይህን መንገድ በሥራ ቀን፣ በራሱ መኪና፣ በራሱ ሰዓት ነድቶ ይሞክረው።

*የሕንፃው ዕድሜ።* የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡት በ2006 እና 2007 አካባቢ ነው። ስለዚህ ፎቶው ላይ አዲስ የሚመስል ብዙ ቤት ሃያ ዓመት ገደማ ጨው ጠጥቷል።

ከእነዚህ በተጨማሪ ገመናና ጫጫታ፣ መሸጥና ማከራየት አሉ፤ በየቤቱ እያነሳናቸው እንሄዳለን።

አንደኛ፦ በግንዱ ላይ ያሉ አፓርታማዎች

ሾርላይን ሃያ ሕንፃዎች አሉት፤ ነዋሪው በክለቦቹ በኩል የጋራ ባሕር ዳርቻና ገንዳ ይጠቀማል። ጎልደን ማይል አሥር ሕንፃዎች ነው፤ ፓርኩን ወይም ቦዩን ያያል፣ ቀጥታ ዳርቻ ግን የለውም። ማሪና ሬዚደንስ ስድስት ማማዎች ነው፤ ከግንዱ ጫፍ ላይ ሆኖ ፍሮንዶቹን ከከፍታ ያሳያል። ፓልም ታወር ከናኪል ሞል በላይ ያለው ማማ ሲሆን 52ኛ ፎቁ ላይ የሕዝብ መመልከቻ ሰገነት አለው። ጎብኚ የሚበዛበት መሆኑን የሚወድም የሚጠላም አለ።

የሾርላይን ትልቁ ጥቅም ስፋቱ ነው፤ አሮጌዎቹ እቅዶች ከአዲሶቹ ማማዎች ሰፊ ክፍል፣ ብዙ ጊዜም የሠራተኛ ክፍል አላቸው። ድክመቱ ዕድሜው ነው። ምድር ቤት ወርደው የመኪና ማቆሚያውን ጣሪያ ይመልከቱ። ኮንክሪቱ ላይ የዝገት ቀለም ያለው ስንጥቅ ወይም የተላጠ ቦታ ካለ፣ ውስጡ ያለው ፌሮ እየዛገ ነው ማለት ነው። ጥገናው የሚሠራው በባለቤቶች መዋጮ ስለሆነ ዛሬ ያላዩት ስንጥቅ ነገ ሂሳብ ሆኖ ይመጣል። የሕንፃው የመጠባበቂያ ፈንድ ምን ያህል እንዳለው ከማኔጅመንቱ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ሌላው ተደጋጋሚ ጣጣ የተዘጋ በረንዳ ነው። ባለቤቱ ያለ ፈቃድ በረንዳውን በመስታወት ዘግቶ ሳሎን ካደረገው፣ አልሚው ለዝውውሩ የሚሰጠውን «ተቃውሞ የለም» ደብዳቤ እስኪስተካከል ድረስ ሊይዘው ይችላል። ውል ከመፈረምዎ በፊት የመጀመሪያውን የወለል እቅድ ከቤቱ ጋር ያመሳክሩ።

ለማከራየት ግን ይህን የሚያክል የለም። ተከራይ በዓመት ውል ይገኛል፤ ሞሉም ሞኖሬሉም በእግር ይደረሳል።

ሁለተኛ፦ በፍሮንድ ላይ ያሉ ጋርደን ሆም ቪላዎች

እያንዳንዱ ፍሮንድ በጥበቃ የሚጠበቅ በር አለው። መንገዱ በመሐል ያልፋል፣ ቪላዎቹ ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ፤ ስለዚህ ሁሉም ከጓሮው ዳርቻ አለው። ጋርደን ሆም ወደ 5,000 ስኩዌር ፊት (465 ካሬ ገደማ) የተገነባ ነው። ቤቶቹ ተጠጋግተዋል፤ የጎረቤት እራት ጓሮዎ ድረስ ይሰማል፣ ከወዲያ ማዶ ካለው ፍሮንድም ይታያሉ።

ደላሎች «ሃይ ነምበር» የሚሉት ወደ ፍሮንዱ ጫፍ ያለውን ቪላ ነው፤ እይታው ክፍት ነው፣ መኪናም አያልፍበትም። «ሎው ነምበር» ለግንዱ ይቀርባል፤ የአፓርታማዎቹ መስኮቶች ወደ ጓሮ ያያሉ፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ከቁጥሩ በላይ ግን የፀሐዩ አቅጣጫ ኑሮን ይወስናል። ፍሮንዶቹ በየአቅጣጫው ስለተዘረጉ አንዱ ጓሮ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሲያገኝ ሌላው እስከ ምሽት ይነዳል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሄደው ጓሮው ውስጥ ይቁሙ። ደላላው ጠዋት 4 ሰዓት ቀጠሮ የሚሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ጠጋኙ ባለቤቱ ራሱ ነው። ሰርቪስ ቻርጁ የጋራውን መንገድና ጥበቃ እንጂ ቤትዎን አይጠግንም። ከመግዛትዎ በፊት ራሱን የቻለ መርማሪ ቀጥረው እነዚህን ያስዩ፦

- የኤሲውን የውጭ አካል። ቪላው የራሱ ማቀዝቀዣ ካለው፣ የአሉሚኒየም ክንፎቹ በእጅ ሲነኩ እንደ ዱቄት ከረገፉ ጨው በልቷቸዋል። መቀየሪያውን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ፤ አዲሱም ጸረ ዝገት ቅብ ያለው ይሁን።
- ተንሸራታች በሮች። የታችኛው ጎማ በጨውና በአሸዋ ተይዞ በሁለት እጅ ካልተገፋ አይከፈትም።
- የቁም ሳጥን ጀርባ። ከፍተው ያሽትቱ። ቤቱ ክረምት ከበጋ ተዘግቶ ኤሲ ጠፍቶ ከሆነ ሻጋታው የሚደበቀው እዚያ ነው።
- የገንዳው ፓምፕና የመስኖው ቧንቧ።
- ዳርቻው፣ ባሕሩ ሲሞላም ሲጎድልም። አሸዋ ይሸሻል፤ መልሶ መሙላት ፈቃድና ገንዘብ ይጠይቃል።

አንድ ነገር እንጨምር። የሠራተኛ ክፍሉን ችላ ብለው አይለፉ። መስኮት አለው ወይ? ኤሲው የራሱ ነው ወይስ ከወጥ ቤቱ በሚመጣ አየር ብቻ ይኖራል? ዱባይ ውስጥ እነዚህ ክፍሎች ውስጥ የሚያድሩት ብዙ ጊዜ የእኛው እህቶች ናቸው፤ በነሐሴ ሙቀት ያለ ኤሲ ክፍል ማደር ሰውን ያሳምማል። መስኮት የሌለው ክፍል ያለውን እቅድ ቢተዉት ይሻላል።

ሌላው የጋርደን ሆም ፈተና የጎረቤት ግንባታ ነው። ብዙ አሮጌ ቪላዎች እየተገዙ ፈርሰው እንደገና ይሠራሉ። ግራና ቀኝ ያሉት ቪላዎች ያልታደሱ ከሆኑ፣ ከገቡ በኋላ ወራት የሚፈጅ የመቆፈሪያ ድምፅ ሊጠብቅዎ እንደሚችል አስበው ይደራደሩ።

ሦስተኛ፦ ሲግኔቸር ቪላ

ወደ 7,000 ስኩዌር ፊት የተገነባ፣ መሬቱም የዳርቻው ስፋትም ከጋርደን ሆም የሚበልጥ ነው። ከላይ የተባለው ምርመራ ሁሉ ለእሱም ይሠራል። ልዩነቱ ዋጋው የሚተመነው በመሬቱ መሆኑ ነው። ያልታደሰውን ገዝቶ አፍርሶ መሥራት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ፤ ለሽያጭ ተብሎ የተቆለለ የእብነ በረድና የወርቅ ቅብ እድሳት ግን ለሚቀጥለው ገዢ ብዙም ዋጋ የለውም። የሚገዛው ሰው ጥቂት ነው፤ በገበያው ቅዝቃዜ ወቅት ለወራት ሊቆም ይችላል። በአንድ ዓመት ውስጥ ገንዘቤን እፈልገዋለሁ የሚል ሰው እዚህ መግባት የለበትም።

አራተኛ፦ ክሬሰንት ላይ ያሉ የሆቴል መኖሪያዎች

በ2023 የተከፈተው አትላንቲስ ዘ ሮያል፣ ደብሊው፣ አናንታራና ሌሎችም ከሆቴል ጋር የተያያዙ መኖሪያዎች አሏቸው። ጽዳቱ፣ ጥገናው፣ ዳርቻው ሁሉ በሆቴሉ እጅ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለማይኖርበት ሰው ምቹ ነው፦ ኤሲው ይሠራል፣ ሻጋታ አይፈጠርም። ክፍያውም በዚያው ልክ ነው፤ በስኩዌር ፊት ከደሴቱ ከፍተኛው ሰርቪስ ቻርጅ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚህ ነው።

ውሉ ሲነበብ ሦስት ነገሮች ላይ ይቁሙ። አንደኛ፣ ቤቱ የተመዘገበው እንደ መኖሪያ ነው ወይስ እንደ ሆቴል ክፍል? የሆቴል ክፍል ከሆነ በዓመት የሚቀመጡበት ቀን ሊገደብ ይችላል፣ ባንክም ማበደር ሊያመነታ ይችላል። ሁለተኛ፣ የኪራይ ገቢው ከሆቴሉ ጋር የሚከፋፈለው ወጪ ከመቀነሱ በፊት ነው ወይስ ከተቀነሰ በኋላ? ሦስተኛ፣ የሆቴሉ ስም ቢቀየር ምን ይሆናል? ክሬሰንቱ ላይ ኬምፒንስኪ የነበረው ሆቴል ዛሬ ራፍልስ ተብሏል። ለስሙ ሲሉ የከፈሉት ተጨማሪ ዋጋ ከስሙ ጋር ሊሄድ ይችላል።

| መስፈርት | ግንድ አፓርታማ | ጋርደን ሆም | ሲግኔቸር | ክሬሰንት የሆቴል መኖሪያ |
|---|---|---|---|---|
| ዳርቻ | የጋራ ወይም የለም | የራስ፣ ጠባብ | የራስ፣ ሰፊ | የሆቴል |
| ጠጋኝ | የባለቤቶች መዋጮ | እርስዎ | እርስዎ | ሆቴሉ፣ በክፍያ |
| ገመና | አነስተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ | መካከለኛ |
| መውጫ | ቀላል | መካከለኛ | መካከለኛ | ሩቅ |
| ማከራየት | በጣም ቀላል | ይቻላል | ከባድ | በሆቴሉ ደንብ |
| መሸጥ | ፈጣን | መካከለኛ | ዝግ ያለ | በስሙ ይወሰናል |
| ዋና ስጋት | የሕንፃ እርጅና | ዝገት፣ የጎረቤት ግንባታ | ገዢ ማጣት | ቋሚ ወጪ፣ የስም ለውጥ |

ገንዘቡ በእርግጥ ስንት ነው?

ድርሃም ከዶላር ጋር የተሳሰረ ነው፦ 1 ዶላር 3.6725 ድርሃም። ስለዚህ በዶላር ለሚያስብ ሰው የምንዛሪ ስጋት የለም ማለት ይቻላል።

በብድር የሚገዛ ነዋሪ 5 ሚሊዮን ድርሃም የምትባለውን መስመር ይወቃት። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ዜጋ ያልሆነ ሰው የመጀመሪያ ቤቱን ሲገዛ እስከ 5 ሚሊዮን ድርሃም ባለው ዋጋ ባንክ ማበደር የሚችለው እስከ 80 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ 70 በመቶ፤ ገና ያልተገነባ ከሆነ 50 በመቶ። የ4.9 ሚሊዮን ቤት ቅድመ ክፍያ 980,000 ድርሃም ነው፤ የ5.1 ሚሊዮኑ ግን 1,530,000 ይሆናል። ለ200,000 የዋጋ ልዩነት 550,000 ተጨማሪ ጥሬ ገንዘብ ማለት ነው። በውጭ አገር የሚኖር ገዢ ከዚህም ያነሰ ብድር ነው የሚያገኘው።

የ4 ሚሊዮን ድርሃም አፓርታማ በ80 በመቶ ብድር ሲገዛ እንዲህ ይመጣል፦ ቅድመ ክፍያ 800,000፤ የላንድ ዲፓርትመንት 4 በመቶ 160,000፤ የደላላ 2 በመቶ ከተጨማሪ እሴት ታክሱ ጋር 84,000፤ የመዝጋቢ ቢሮ 4,200፤ ካርታ 580፤ የብድር ምዝገባ የብድሩ 0.25 በመቶ ሲደመር 290፣ ማለትም 8,290። ድምሩ 1,057,070 ነው፤ የባንክ ግምትና የአሠራር ክፍያ በላዩ ይጨመራል። ከ2025 ወዲህ ባንኮች የምዝገባውንና የደላላውን ክፍያ በብድር ውስጥ እንዳያካትቱ ስለተደረገ ይህ ገንዘብ በእጅ መኖር አለበት።

ከኢትዮጵያ ለሚያስብ ሰው፦ ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ውጭ አገር ቤት ለመግዛት ምንዛሪ መላክ አይቻልም፤ ከባንክ ውጭ በሕገወጥ ሐዋላ የመጣ ገንዘብ ደግሞ እዚያ ችግር ያስከትላል። ክፍያው የሚፈጸመው በባንክ ማኔጀር ቼክ ነው፣ ምንጩ ይጠየቃል፣ 55,000 ድርሃምና ከዚያ በላይ በጥሬ ገንዘብ የተከፈለበትን ግዢ ደላላው ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የአሜሪካ ዜግነት ያለው ወገናችን ደግሞ የኪራይ ገቢውን አሜሪካ ውስጥ ማሳወቅ ይኖርበታል፤ ዱባይ ላይ የተከፈለ የገቢ ግብር ስለሌለ ከአሜሪካው ግብር የሚቀናነስለት የውጭ ግብር አያገኝም። እዚያ የከፈተው ሂሳብ ከ10,000 ዶላር ካለፈም ለብቻው ይመዘገባል።

ለማን የትኛው?

እስከ 5 ሚሊዮን ድርሃም ያለው፣ በብድር የሚገዛና ኪራይ የሚፈልግ ሰው ግንዱ ላይ ይቆይ፤ የመጠባበቂያ ፈንዱ ጤናማ የሆነ የሾርላይን ሕንፃ የመጀመሪያ ምርጫው ይሁን። ዋጋው 2 ሚሊዮን ከደረሰ የአሥር ዓመቱን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ጎልደን ቪዛን፣ ለመጠየቅም ያበቃል።

ልጆች ያሉትና ዓመቱን ሙሉ የሚኖር ቤተሰብ ጋርደን ሆም ይመልከት፤ ሆኖም ከ10 ሚሊዮን ድርሃም በታች ማግኘት ዘበት እንደሆነ ይወቅ፤ ለጥገናም በየዓመቱ ለብቻው ይመድብ። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚመጣ ሰው ፍሮንድ አይመከርም፤ ባዶ ቪላ በባሕር ዳር ቶሎ ይበላሻል። ለእሱ ክሬሰንቱ ይሻላል። ሲግኔቸር ገንዘቡን ለብዙ ዓመት ማሰር ለሚችል ብቻ ነው።

አዲሱን ፓልም ጀበል አሊ የሚያነሱም አሉ። ሥራው በ2002 ተጀምሮ ከ2008ቱ ቀውስ በኋላ ቆሞ ነበር፤ በ2023 በአዲስ እቅድ ተመልሷል። ትዕግሥት ላለው አማራጭ ነው፤ ክፍያው ግን በፕሮጀክቱ ስም ወደተከፈተው የኤስክሮው (የአደራ) ሂሳብ ብቻ ይግባ፤ ለደላላም ሆነ ለሌላ ሂሳብ አንድም ድርሃም አይላክ።

ከመፈረም በፊት

ፎርም ኤፍ የተባለው የሽያጭ ውል ሲፈረም 10 በመቶ መያዣ ቼክ ይጻፋል፤ ሐሳብ ከለወጡ የሚያጡት እሱን ነው። ስለዚህ ምርመራው፣ የባንክ ቅድመ ፈቃዱና የሰርቪስ ቻርጁ ውዝፍ ማጣሪያ ከዚያ በፊት ይለቁ።

ቤቱ ተከራይ ካለበት ቀኑን ይጠንቀቁ። ተከራዩ ውሉን ይዞ ይቀጥላል። እኖርበታለሁ ብለው ለማስለቀቅ በኖታሪ ወይም በተመዘገበ ደብዳቤ የ12 ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብዎ፤ ካስለቀቁ በኋላም ለሁለት ዓመት ለሌላ ማከራየት አይፈቀድም። ወዲያው መግባት የሚፈልግ ሰው «ባዶ ሆኖ ይረከባል» የሚለው ቃል ውሉ ላይ መጻፉን ያረጋግጥ።

ኑዛዜም ከርክክቡ ጋር ቢሠራ ጥሩ ነው። ሙስሊም ያልሆነ ሰው ያለ ኑዛዜ ቢሞት፣ በ2022 በወጣው ቁጥር 41 የፌዴራል ሕግ መሠረት በመደበኛው ግማሹ ለትዳር አጋር፣ ግማሹ ለልጆች እኩል ይሆናል። ወላጆቹን ወይም እህት ወንድሞቹን ማካተት የሚፈልግ ግን ኑዛዜውን በዲአይኤፍሲ (የዱባይ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ማዕከል) ፍርድ ቤቶች የኑዛዜ መዝገብ ወይም በዱባይ ፍርድ ቤቶች ያስመዝግብ።

ጉብኝቱ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ይሁን። በጥር ሁሉም ቤት ደስ ይላል፤ የኤሲው ድካም፣ የመስኮቱ ላብና የውኃው ሽታ የሚታወቁት በሙቀቱ ወራት ነው።